ከግንቡ ውጭ የተደገሰው ማኅበር

ትናንት ብቸና መናኸሪያ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ሴት በኮባ የተጋገረ የማኅበር ዳቦ በሞሰብ ይዛ በአጠገቤ አለፈች። ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ሆዴ ባባ። ወዲያው ልቤ አዲስ አበባ ሄደ፤ አክስቴ ቤት ሆኜ ትምህርት ወደጨረስሁበት ሰፈር።

እኛ የምንኖረው ከወንዙ ወዲህ ነበር። ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ተደጋግፎ የቆመበት፣ ጎረቤት በርበሬ ሲያቁላላ እኛ ቤት የሚያስነጥሰን ሰፈር። ድልድዩን ስትሻገሩ ግን ሌላ አገር ነው። እዚያ ጠዋት ጠዋት የታጨደ ሣር ይሸታል፣ ግንቡ ላይ ሽቦ ተጠምጥሟል፣ ዘበኞቹ በጎማ ውኃ አስፋልቱን ሳይቀር ያጥባሉ። እኛ ደግሞ ቢጫ ጀሪካን ደርድረን ውኃ መጣ አልመጣ እያልን እንጣላለን። ወይ ጉድ! ያውም በአንድ ድልድይ ልዩነት።

አክስቴ የጎጃም አነጋገር ከሰማች ዝም ብላ አታልፍም። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ብቻቸውን የተቀመጡ አሮጊት ሰላም ሲሏት ጊዜ ቆም አለች።

"እማማ፣ አገርዎ የት ነው?"

"ሞጣ።"

"ውይ! እኔ የብቸና ነኝ እኮ!" ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

ልጃቸው ከድልድዩ ማዶ ትልቅ ቤት ያለው ነጋዴ ነበር። ልጡራቸው ብሎ ከሞጣ አምጥቶ፣ ምግቡን ልብሱን አሟልቶ አስቀምጧቸዋል። የሚያጫውታቸው ሰው ብቻ ነው ያጡት። አክስቴም አንጀቷ አልችል ብሎ የማርያም ማኅበሯ ላይ ጠራቻቸው።

መቼም ማኅበር በየወሩ በየተራ ነው የሚደገሰው፤ ጽዋውን የተቀበለ ሰው የሚቀጥለው ወር ተረኛ ይሆናል። በዚያች ጠባብ ቤት ትከሻ ለትከሻ ተጣብበን፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ጨዋታው ደርቶ ሳለ፣ ቄሱ "ጽዋውን ማን ይቀበላል?" አሉ። የሞጣዋ እናት ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ሴቶቹ ክው ያሉት በኋላ ነው። ልጃቸው መች ፈቀደና!

እውነትም አልፈቀደም። ለአክስቴ የነገሯት እንባቸው እያቀረረ ነበር።

"የማላውቀው ሰው ግቢዬ አይገባም፤ ከፈለግሽ ሆቴል ልያዝልሽ አለኝ። ማርያምን ሆቴል ልጋብዛት እንዴ?"

"ግድ የለም እማማ፣ በእርስዎ ስም እኔ ቤት እንደግሰው።"

"በቁሜ ተራዬን ሰው ሊያወጣልኝ? ጽዋ ይዤ ቃል ገብቻለሁ እኮ! እናንተ ብቻ ኑልኝ።"

የማርያም ዕለት ሴቶቹ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ቄሱን አስቀድመው ድልድዩን ተሻገሩ። እኔም ከኋላ ነበርሁ። ዘበኛው አንገቱን ደፍቶ "እናቶቼ፣ ትእዛዝ ነው፤ አላስገባም" አለ። እንመለስ አንመለስ ስንባባል ትንሿ በር ተከፈተችና የሞጣዋ እናት ወጡ። ጽዋውን እሳቸው ይዘዋል፤ ሠራተኛዋ ዳቦውን በሞሰብ፣ ጠላውን በጀሪካን ይዛ ተከትላቸዋለች። ግንቡ ሥር፣ ሣሩ ላይ ነጠላቸውን አነጠፉ።

"ተቀመጡ፣ ቤት ለእንግዳ!" አሉ፣ አስፋልት ዳር ሆነው።

ቄሱ ጸሎት አደረሱ። ከውስጥ ውሾቹ ይጮኻሉ፣ ኮባው ሲገለጥ የዳቦው ሽታ መንገዱን ሞላው፣ በመኪና የሚያልፈው ሁሉ መስኮት እያወረደ ያየናል። እኔ በሰው መኩራት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። አሁን ያ ሰፈራችን ፈርሷል፤ አክስቴም ኮንዶሚኒየም ገብታ የጎረቤቷን ስም እንኳ አታውቅም። በስልክ ስናወራ ግን ያችን ሣር ሳታነሳ አትዘጋም።

ዳቦው ተቆርሶ ሳያልቅ የልጃቸው መኪና መጣ። ከሣሩ ተርፈን እስከ መግቢያው ስለተቀመጥን ማለፍ አልቻለም። ወረደ።

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው? ሰው ምን ይላል?"

"የቱ ሰው? እኔ እዚህ ከመጣሁ ሰው ያየሁት እነሱን ነው" አሉት።

አክስቴ ተነሳች። እሷ እንደሆነች ለሚኒስትርም ቢሆን ወደኋላ አትልም። አንድ ቁራሽ ዳቦ በሁለት እጇ ይዛ ፊቱ ቆመች።

"እንካ ወንድሜ፣ የእናትህ ድግስ ነው። እምቢ አይባልም።"

ተቀበለ። ከነሱፉ ቆሞ ጎረሰ። እያላመጠ እናቱን ያያል፤ መሬት ላይ ናቸው፣ እግራቸው አቧራ ነክቶታል፣ ፊታቸው ግን በርቷል። ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረና በመሐረብ ዓይኑን ጠረገ።

"ክፈት!" አለ ዘበኛውን።

"ትንሿን በር ነው፣ ጌታዬ?"

"ሁለቱንም ክንፍ!"

ሴቶቹ ሞሰቡንም ጠላውንም አንሥተው፣ እልል እያሉ ገቡ። እሱ ጎንበስ ብሎ እናቱን አስነሣቸው፤ ነጠላቸውንም አራግፎ አለበሳቸው። እሳቸው ክንዱን ተደግፈው በመጨረሻ ሲገቡ ከኋላቸው ነበርሁና ያሉትን ሰምቻለሁ።

"ልጄ፣ ዛሬ ገና አዲስ አበባ ገባሁ።"