አማቴ ዳገታችንን የወጡ ዕለት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄን ይዤ ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሚዛን ላይ አወጧት፣ ክንዷን ለኩ። ነርሷ "አባባ፣ ልጅቷ ትበላለች?" አለችኝ።

"እኔን ራሴን ልትበላኝ ምንም አልቀራት!" አልኳት።

ደግማ አገላብጣ አየቻት፤ ሕመም የለባትም። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችና ሳቀች። "በቃ፣ ይሄ ከዘር ነው።" ይህንን ነገር ከሷ በፊት የነገሩኝ ሰው ነበሩ።

የተወለድኩት ከቀወት ቆላ በላይ፣ ዙሪያዋን ገደል በሆነች አምባ ነው። ክረምት ወንዙ ከሞላ ወጪም ገቢም የለም። አያት ቅድመ አያቶቻችን እዚያው በዚያው ሲጋቡ ኖሩ፤ ታዲያ ሁላችንም እንደ ስንደዶ ቀጫጭን ነን። የቱንም ያህል ብንበላ ሥጋ አይይዘንም። በእኔ ጊዜ ሰባት ቤት ሲቆጠር ዘመዴ ያልሆነች ልጃገረድ ጠፋች። ቆላ ወርጄ የሺን አየሁ፤ እሷም አልጠላችኝም። ሽማግሌ ሰደድኩ።

አባቷ ጋሼ ወርቁ በር የማይበቃቸው ወፍራም ሰው ነበሩ። "ልጄን ለሳንባ በሽተኛ አልድርም፤ ዓመት ሳይሞላት ባሏን ልትቀብር ነው?" ብለው ሽማግሌዎቹን መለሷቸው።

እኔ ደግሞ ግትር ነኝ። በገበያ ቀን ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። "ጋሼ፣ እኔ በሽተኛ ከሆንኩ አገሬ በሙሉ በሽተኛ ነው። ይውጡና ይዩ!"

"አቤት ድፍረት!" አሉኝ። ግን መጡ።

የማሽላ ውቂያ ነበር። ዳገቱን በየድንጋዩ እየተቀመጡ፣ እያለከለኩ ወጡ። ጥርሳቸው ያለቀው አያቴ ከአውድማ ወርደው የእንግዳውን ስልቻ ተቀበሉና ከፊት ከፊት መሩ። አውድማው ላይ ወንዱም ሴቱም ቀጭን ነው፤ ዱላው ግን አያርፍም። እናቴ የማሽላ ገንፎ በቅቤ አቀረበች። አያቴ በጉርሻ ብዛት እንግዳውን በለጧቸው።

"እንዴ አባቴ፣ ይሄ ሁሉ የት ነው የሚገባው?" አሉ ጋሼ ወርቁ።

"እግራችን ውስጥ ነዋ! ዳገቱን ማን ይወጣልን?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሼ ወርቁ ግን አልሳቁም፤ አንድ በአንድ ሲያዩን ቆዩ።

"የልጅ ልጆቼም እንዲህ ሆነው ሊወለዱ ነው?"

"እንግዲህ ዘር ነው፤ ምን ልዋሽህ" አሉ አያቴ።

ጋሼ ወርቁ ወደ አውድማው ዞሩ። "በሽተኛ እንዲህ አይወቃም" አሉ። "ዘር ከሆነ ዘር ነው። አንተ ልጅ፣ ሽማግሌህን መልሰህ ላክ።"

የሺ እስከ ዛሬ ታሾፍብኛለች። "አባዬ እሺ ያሉት እኮ፣ እምቢ ብለው ያንን ገደል ብቻቸውን መውረዱን ፈርተው ነው" ትላለች። ይሁና! ስንቱ አባት ከደጁ ሳይነሳ፣ በወሬ ብቻ የሰው ልጅ ዕድል ይዘጋል። እሳቸውም ተቀምጠው እምቢ ቢሉ ማን ይጠይቃቸው ነበር? ነፍሳቸውን ይማር፤ እኔን አይቶ ለመፍረድ ያን ያህል የደከመልኝ ሰው የለም።