መሪ ሁሌም ከፊት ነው

ባለፈው ሳምንት የባለቤቴን የሞት ምስክር ወረቀት ላወጣ ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ የንስር ፎቶ አየሁ። ጥቁር ፍሬም፣ ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «ራዕይ»። ወረፋዬን ትቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

በፈረንጆቹ 2017 ጁባ ውስጥ እኔና ደረጀ አንድ የሀበሻ ሆቴል እንሠራ ነበር፤ እኔ ካሸር፣ እሱ እንግዳ ተቀባይ። ከተጋባን ገና ዓመታችን ነበር። የሆቴሉ ባለቤት እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን ከካምፓላ አምጥቶ በየግድግዳው ሰቀለና ሰኞ ሰኞ ከሥራቸው አቁሞ ይሰብከን ጀመር። ደረጀም በእነሱ ለማሾፍ በስልኩ የራሱን ፎቶዎች ማንሳት ጀመረ። ወጥ ሠሪያችን ሽንኩርት ጆንያ ላይ አፉን ከፍቶ ሲያንኮራፋ፤ ከሥሩ «ትጋት»። እያተመ ጓሮ፣ የሠራተኞች መመገቢያ ውስጥ ይለጥፋቸዋል። ፉል እየበላን እስክናነባ እንስቅ ነበር።

ዝናቡ ሲበረታ የሆቴሉ ባለቤት መኪና ጉዴሌ ሰፈር ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረች። አምስት ሠራተኞች እስከ ጉልበታቸው ሰምጠው ሲገፉ፣ እሱ ጋቢና ተቀምጦ ስልክ ያወራል። ደረጀ ፎቶ አነሳውና «አመራር፦ መሪ ሁሌም ከፊት ነው» ብሎ ጻፈበት። ፎቶው ጥግ ላይ፣ ዛፍ ሥር ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ የተቀመጠውን ወታደር ማናችንም ልብ አላልነውም። በዚያን ጊዜ ጁባ መንገድ ላይ ካሜራ ማውጣት ብቻውን ያሳስር ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ደንበኛችን፣ የደኅንነት ሰው፣ እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲያልፍ እዚያ የተለጠፈው የመኪናው ፎቶ ፊት ቆመና ጠራኝ።

«ዴ ሹኑ?» አለኝ፤ ይሄ ምንድን ነው ማለቱ ነው። ጣቱ ወታደሩ ላይ ነበር።

«የሠራተኞች ማስታወሻ ነው» አልኩት በተሰባበረ ዐረብኛ።

«ጽሑፉስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ነው የሚለው።»

ትንሽ አየኝና በጠራ አማርኛ፣ «እህቴ፣ እኔ እኮ ጋምቤላ ነው የተማርኩት» አለ።



«ማነው ያነሳው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ከኋላዬ ደረጀም «ተዋት፣ እኔ ነኝ» አለ።

ሰውዬው አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየ። ፎቶውን ገነጠለ፤ ወታደሩ ያለበትን ጥግ ቀዶ ኪሱ ከተተና የቀረውን ለደረጀ ሰጠው።

«በአለቃችሁ እንደፈለጋችሁ ሳቁ። አንተን ግን ሁለተኛ ካሜራ ይዘህ እንዳላይህ።» ተመልሶ ምሳውን ጨረሰ።

እኔ ግን እዚያው ጓሮ ቆሜ፣ ቤት ውስጥ እንኳ ሁለተኛ ፎቶ እንዳናነሳ ደረጀን አስማልኩት። ወባ እስኪወስደው ድረስ ቃሉን ጠበቀ። ሰው ይወስድብኛል ብዬ ስፈራ ትኩሳትን አልፈራሁም ነበር።

ከዚያ በኋላ የተወለደችው ልጃችን አባቷ አቅፏት የተነሳችው ፎቶ የት እንዳለ ትጠይቀኛለች። ጠፋ እላታለሁ። ፎቶው ጭራሽ እንዳልተነሳ፣ አባቷንም ያስማልኩት እኔ መሆኔን ገና አልነገርኳትም።