ያልተያዘው ሦስተኛ ስትራይክ

እናቴ ካረፈች በኋላ አባባን ባሕር ማዶ፣ ዊትኒ በሚባል ሰፈር ወዳለው ቤታችን አመጣኋቸው። ያ ሁሉ ጨዋታ አዋቂነታቸው ጠፍቶ ነበር። ሲጠየቁ «ደኅና ነኝ» ይላሉ፤ ከዚያ በላይ አይናገሩም። እኔ ካዚኖ ውስጥ እሠራለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የልጆች ቤዝቦል፣ የተወረወረ ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ፣ ዳኛ ነኝ። ብቻቸውን ቤት ከሚውሉ ብዬ ይዣቸው መሄድ ጀመርኩ። ከሽቦ አጥሩ ጀርባ፣ ጥላ ሥር ወንበር እዘረጋላቸዋለሁ፤ ጨዋታውን ያያሉ።

አንድ ቅዳሜ ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «ያ ልጅ ኳሱን ሦስቴ ስቶ ለምን ሮጠ?» አሉኝ።

«ሦስቴ የሳተ መቺ ይወጣል። ሦስተኛው ኳስ ከኋላው ያለውን ተቀባይ ካመለጠው ግን፣ ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ወደዚያች መሬት ላይ ወዳለችው ነጭ ትራስ፣ መሮጥ የሚችልበት ጊዜ አለ። መሮጡን ትቶ ከቆመበት የአፈር ክብ ከወጣ አበቃ።»

«ቢስትም ገና አላለቀለትም ማለት ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ደግ ሕግ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ በነበረ አንድ ጨዋታ ላይ፣ እዚሁ የተወለደች የአገራችን ልጅ ተራዋ ደርሶ ልትመታ ቆመች። የመጨረሻው ዙር ነበር፤ ቡድኗ እየተመራ ነው። ሦስተኛውን ኳስ ሳተችው። ኳሱ ተቀባዩንም አመለጠውና እግሩ ሥር ወደቀ። እጄን አንስቼ «ስትራይክ ሦስት» አልኩ፤ ሦስቴ ሳትሽ ማለት ነው። «አውት»፣ ማለትም ወጥተሻል፣ ግን አላልኩም። ዳኛ ሩጪ ብሎ አይመክርም። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ወደ መቀመጫዋ ማዝገም ጀመረች። ተቀባዩም ያለቀ መስሎት ቆሟል።

ከአጥሩ ጀርባ «ሩጪ ልጄ! ገና አላለቀልሽም፣ ሩጪ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ልጅቱ አማርኛ ብዙም አትናገርም፤ ያቺን ቃል ግን ከእናቷ አፍ ታውቃታለች። ዱላዋን ጥላ ተፈተለከች። ተቀባዩ የወረወረው ኳስ ሲደርስ ቤዙን ረግጣለች።

የተጋጣሚው ቡድን አሠልጣኝ ወደ እኔ መጣ። «ከክቡ ወጥታ ነበር እኮ።»

«አልወጣችም። አንድ እግሯ አፈሩ ላይ ነበር።»

«ሰውዬው ነው የነገራት። ይፈቀዳል?»

«ተመልካች ነው። ተመልካች ይጮኻል።»

«ምን አላት?»

«ሩጪ አላት።»

«ታውቀዋለህ?»

«አባቴ ነው።»

ዞር ብሎ አያቸው። አባባ ከወንበራቸው ተነሥተው ሽቦውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። አሠልጣኙ ትከሻዬን ቸብ አደረገና ተመለሰ።

የልጅቱ ቡድን ተሸነፈ። ቢሆንም ከእናቷ ጋር መጥታ ሰላም አለቻቸው። «እግርሽ ፈጣን ነው» አሏት አባባ፤ «ኳሱን ግን እስከ መጨረሻው እይው።» እናቷ ተረጎመችላት፤ ልጅቱም ሳቀች።

መንገድ ላይ «ሥራህን አበላሸሁብህ እንዴ?» አሉኝ።

«የለም፣ ሕጉ አይከለክልም።»

«እናትህ ብትኖር ከእኔ የባሰ ትጮህ ነበር።»

ካረፈች ወዲህ ሲያነሷት የመጀመሪያቸው ነበር። ቤት ደርሰን ፓርክ አደረግሁ፤ አልወረድንም። እሳቸው ስለ እሷ ያወራሉ፣ እኔ እሰማለሁ።