የሳጅኑን ልጆች ይዤ ጫካ የገባሁ ዕለት

ደጊቱ ወልደ ሩፋኤል እባላለሁ፤ የእስቴ ሰው ነኝ። ጀርመን አገር ሦስት ዓመት ኖሬ መጣሁ ስል ሰው ሁሉ ተምሬ የመጣሁ ይመስለዋል። የተማርኩት ድንች መላጥና አልጋ ማንጠፍ ነው። አልጋውም ቢሆን እስከ ዛሬ አንድ ጎኑ ይጎትትብኛል።

ባሌ ባዩ ሌላ ወዶ ሲተወኝ፣ አስመራ ሥራ አለ ሲሉ ሰማሁና ከጎንደር በጭነት መኪና ሄድኩ። እዚያም አንድ አሜሪካዊ ወታደር ቤት በሞግዚትነት ገባሁ። ሰውየው ሳጅን ሃሪስ ይባላል፤ ረጅም፣ ድምፁ ብዙም የማይሰማ ዝምተኛ ሰው ነው። ሚስቱን ማዳም ሩት እላት ነበር። ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ናንሲና ሱዚ አፋቸውን የፈቱት አስመራ፣ ያውም እኔ ጀርባ ላይ ስለሆነ፣ አማርኛ እንደ ልባቸው ይናገራሉ። ናንሲማ «እግዜር ይስጥልኝ» ስትል የእስቴ ባልቴት ትመስላለች።

በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ሳጅኑ ወደ ጀርመን ሲዛወር ልጆቹ ያለ እኔ አንሄድም ብለው አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ። እኔ ያለቀስኩት አውሮፕላኑን ፈርቼ ነው፤ እነሱ ግን ለፍቅር መሰላቸውና ይዘውኝ ሄዱ።

ጀርመን ይባል እንጂ የገባሁት በሽቦ የታጠረ የአሜሪካኖች የጦር ሰፈር ነው። ትምህርት ቤቱም፣ ሱቁም፣ ሲኒማውም እዚያው አጥር ውስጥ ነው። የወታደሮቹ ቤተሰቦች የሚኖሩበት ፎቅ አንዱ ከአንዱ አይለይም። በመጣሁ በሳምንቴ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ድንች ተቀምጧል። ወንበር ስቤ መላጥ ጀመርኩ። ግማሹን እንደጨረስኩ አንዲት ሴት ፎጣ አገልድማ ከመታጠቢያ ቤት ወጣችና ቆማ ታየኝ ጀመር። እንግዳ መጣብን ብዬ «ግቢ፣ ተቀመጪ» አልኳት። ቤቱ የእሷ መሆኑ የገባኝ ግድግዳው ላይ የሰቀለችውን የሠርግ ፎቶ በጣቷ ስታሳየኝ ነው። ጎረቤታችን ሚስስ ዶሊ ነበረች። የላጥኩትን ድንች ግን አልመለሰችልኝም።

ደግሞ ማታ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መለከት ይነፋል። በዚያን ጊዜ መኪናው ይቆማል፤ ሰዉ ባለበት ቀጥ ይላል፤ ልጆች እንኳ ኳሳቸውን ይተዋሉ። ታቦት የሚያልፍ መሰለኝና ነጠላዬን አጣፍቼ መሬት ሳምኩ። ባንዲራ እያወረዱ መሆኑን ናንሲ እስክትነግረኝ ድረስ ወር ሙሉ መሬት ስስም ከረምኩ። የሰፈሩ አዛዥ «ይህች ሴት ደግ አክባሪ ናት» ብሎ አመሰገነኝ አሉ። እኔም ምስጋናውን እንዳላጣ ብዬ ሌላ ሁለት ሳምንት ጨመርኩ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በሁለተኛው ዓመት፣ የነቢያት ጾም እንደ ገባ፣ አንድ ቅዳሜ ጧት ማዳም ሩት ከሚስስ ዶሊ ጋር በመኪና ወደ ከተማ ወርዳለች። ሳጅኑ ቁርሱን ይበላል። ልጆቹ ገና ፀጉራቸው አልተበጠረም። ድንገት ጆሮ የሚሰነጥቅ ጩኸት ተነሣ፤ ለአደጋ ጊዜ የሚጮኽ መሣሪያ ነው። ሳጅኑ ብድግ አለ፤ ጫማውን አጠለቀ፣ ሻንጣውን አነሣ፤ እኔ የማላውቀው አንድ ቃል ተናገረና ደረጃውን በሩጫ ወረደ።

በመስኮት አየሁ። ወንዱ ሁሉ ጠመንጃውን ይዞ ይሮጣል። ታንክ ያጓራል። ሚስቶቻቸው ደግሞ በየበሩ ላይ በሌሊት ልብሳቸው ቆመው፣ ሲኒ ይዘው እየተሳሳቁ ያያሉ። ተስፋ ቆርጠዋል አልኩ በልቤ።

በጣሊያን ጊዜ አውሮፕላን ሲመጣ እናቴ እኔን አዝላ ወደ ስማዳ ገደል ወርዳ ዋሻ ገባች። አክስቴ ፋንቱ ግን «ጠላ ጠንስሻለሁ፤ ምንም አይመጣም» ብላ በሯ ላይ ቀረች። ስንመለስ ቤቱም ፋንቱም አልነበሩም። ስለዚህ በር ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ሳይ እኔ ስንቅ እቋጥራለሁ።

ሱዚን በነጠላ አዘልኩ። ዳቦ፣ ውኃ፣ እንደ ጡብ የጠጠረ የፈረንጅ አይብና የሳጅኑን ብርድ ልብስ ያዝኩ። ናንሲን በእጄ ጎተትኩና ሴቶቹ ውሻ ለማንሸራሸር በሚወጡበት የአጥሩ የኋላ በር ወጥቼ ጫካ ገባሁ። አንድ ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ ትልቅ ዛፍ ተገንድሶ ከሥሩ ጉድጓድ አገኘሁ። ልጆቹን ከውስጥ አስቀምጬ ቅጠል አለበስኳቸው። ብርድ ቢሆንም እሳት አላነደድኩም፤ ጭስ ጠላት ይጠራል። ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ፤ ከፍርሃቴ ብዛት ግን የሰኞውን ከዓርቡ ቀላቀልኩት።

እኩለ ቀን ሲሆን ሄሊኮፕተር በላያችን አለፈ። «ተኙ» አልኳቸውና በላያቸው ተደፋሁባቸው። ተመልሶ መጣ። «አዩን መሰለኝ» አልኩ። ቀጥሎ የውሻ ጩኸት መጣ። ቀጥሎም ወንዶች «ናንሲ፣ ሱዚ» እያሉ ሲጣሩ ሰማሁ።

«እት ደጊቱ፣ እኛን እኮ ነው የሚጠሩት» አለች ናንሲ።

«ዝም በይ።»

«ስማችንን ከየት አወቁት ታዲያ?»

«ባንዳ ነግሯቸው ነዋ።»

ባንዳ ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ አንድ ፊቱን በጥላሸት የቀባ ረጅም ሰው ጉድጓዱ አፍ ላይ ብቅ አለ። ያለኝ መሣሪያ አይቡ ብቻ ነውና አነሣሁበት። ናንሲ «አባባ» ብላ ዘላ ተጠመጠመችበት። ሳጅን ሃሪስ ነው።

ለካስ ልምምድ ኖሯል። በየጥቂት ወሩ ያደርጉታል፤ እስከዚያ ድረስ ግን ወንዶቹን ያለ ጩኸት በስልክ ብቻ ይጠሯቸው ስለነበር እኔ አላውቀውም። ማዳም ሩት ከከተማ ስትመለስ ቤቱ ባዶ ሆነባት። ልጆቼ ተሰረቁ ብላ ጮኸች። ግማሹ ጦር ልምምዱን ትቶ እኔን ሲፈልግ ዋለ። የሸሸሁት ሄሊኮፕተርም ለእኔው የተላከ ነበር።

የሰፈሩ ፖሊሶች ሊወስዱኝ ቀረቡ። ሳጅኑ እጁን አንሥቶ አቆማቸውና ዛፉ ላይ ተቀመጠ። «ለምን?» አለኝ። የእኔ እንግሊዝኛ ለዚህ አይበቃም። ስለ ዋሻውና ስለ ፋንቱ በአማርኛ ነገርኩት፤ ናንሲ እየተረጎመች። የሰባት ዓመት ልጅ ምን ያህሉን እንዳደረሰችለት እንጃ። ሳጅኑ ጉድጓዱን ጎንበስ ብሎ አየ፤ ቅጠሉን በእጁ ገላለጠ። ከዚያ ለፖሊሶቹ አንድ ነገር ተናገረ። ናንሲ ጆሮዬ ላይ «አባባ ‹እኔም ብሆን የምመርጠው ይህንን ቦታ ነው› አላቸው» አለችኝ።

ሰፈር ስንደርስ ግን ማዳም ሩት ልጆቿን ታቅፋ ወደ ቤት ገባች፤ ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኔን አላየችም። በአራተኛው ቀን ድንችና የድንች መላጫ አቀበለችኝ። አላባረረችኝም፤ ቢሆንም ከዚያ ወዲያ ከቤት ስትወጣ መለስ ብላ ልጆቹን ሳትስም አትወጣም ነበር። የጎረቤት ሴቶች ደግሞ ጩኸቱ በተነሣ ቁጥር ሲኒያቸውን ይዘው በራችን ላይ እየመጡ «ደጊቱ፣ ዛሬስ እንሂድ እንቆይ?» ይሉኝ ጀመር። እኔም «ቆዩ» እላለሁ፤ ጫማዬን ግን አላወልቅም።

በ፲፱፻፷ ዓ.ም. እነሱ ወደ አገራቸው፣ እኔ ወደ እስቴ ተመለስን። መካነ ኢየሱስ ከተማ ትንሽ ሻይ ቤት ከፈትኩ። ሰው ወሬ ሲጠይቀኝ ከጄኔራል ጋር ራት በላሁ ብዬ ዋሸሁ፤ አመኑኝ። ሄሊኮፕተር ተልኮ ተፈለግሁ ስል ግን፣ «ደጊቱ ደግሞ አበዛችው» እያሉ ሻያቸውን ትተው ሳቁብኝ።

ያመኑኝ የንስሐ አባቴ ቄስ ቀለመወርቅ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም የጠየቁኝ ሌላ ነው። ያን ቀን ጉድጓዱ ውስጥ በጾም አይብ መብላቴን ስናዘዝ አርባ ስግደት ሰጡኝና፣ «የልጆቹን እናት ይቅርታ ጠይቀሻል?» አሉኝ።

«ኧረ አባቴ፣ እኔ ልጆቿን ላድን እኮ ነው።»

«እሱን አውቃለሁ። ያን ቀን እሷ ምን ሆና ዋለች? ነው የምልሽ።»

ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ራሴ ፍርሃት ሳወራ፣ የእሷን ፍርሃት አንድም ቀን አላሰብኩትም። ሄጄ የከተማችንን አስተማሪ፣ መምህር ላቀውን፣ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ አስጻፍኩ። ይቅርታውን ካስጻፍኩ በኋላ፣ ያንን ያቀበለችኝን የድንች መላጫ እንድትልክልኝ ጨምርበት አልኩት። ላቀው ቀና ብሎ አየኝ፤ ግን ጻፈው።

መልሱ በስድስተኛው ወር መጣ። ላቀው እየተንተባተበ አነበበልኝ። «ደጊቱ» ትላለች ማዳም ሩት፣ «ያን ቀን ቤት ስገባ መጀመሪያ ያጣሁት ብርድ ልብሱን ነው። ልጆቼን የወሰደ ሰው እንዲበርዳቸው የማይፈልግ ሰው ነው ብዬ በእሱ ተጽናናሁ። ቢሆንም ያ ቀን እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል። ይቅር ብዬሻለሁ። ናንሲ አማርኛውን እየረሳችው ነው።»

የመጨረሻዋን ቃል ላቀው ሁለቴ አነበባት፤ እኔ ስላልገባኝ ሳይሆን፣ ድገመው ስላልኩት ነው። መላጫው ከደብዳቤው ጋር በጨርቅ ተጠቅልሎ መጥቷል። ያን ዕለት ሻይ ቤቱን ዘግቼ፣ ማንም ያላዘዘውን አንድ ቁና ድንች ላጥኩ።