ቁሚ፣ በሁለት ቋንቋ

ብስክሌት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የወደቅሁት ጉድጓድ ገብቼ አይደለም፤ መኪና ገጭቶኝም አይደለም። የጣለኝ አንድ ቃል ነው።

የውድድሩ ወራት አልፎ ክረምቱ ገብቶ ነበር። ክለባችን በክረምት አይወዳደርም፤ እኛ እግር እናጠነክራለን፣ አሰልጣኙ ድምፁን ይስላል። እኔ ገና አዲስ ነበርኩ። አርብ ጠዋት ከቂርያት መላኪ ተነስተን ወደ ገዴራ የሚያወጣው ዳገት ላይ ደርሰናል። ዳገት ከተባለ ነው እንግዲህ፤ ጎንደር ላይ ቢሆን ሜዳ ነው ብለው ሠርግ ይደግሱበት ነበር። እኔን ግን ገደለኝ። ዓይኔ የሚያየው የፊት ጎማዬን ብቻ ሆኖ፣ ሳንባዬ በአፌ ሊወጣ ሲል አሰልጣኛችን ከኋላ ከሚከተለን ቫኑ መስኮት አንገቱን አውጥቶ ባለ በሌለ ድምፁ «ኩሚ! ኩሚ!» አለኝ።

እኔም ቆምኩ።

ሁለቱንም ፍሬን ጨምድጄ ቀጥ አልኩ። የእሽቅድምድም ጫማ ደግሞ ፔዳሉ ላይ ተቆልፎ የሚቀር ነገር ነው፤ ተረከዝን ጠምዘዝ ካላደረጉት አይለቅም። በዚያ ሰዓት ማን ያስታውሰዋል? እንደ ቁም ሳጥን በጎኔ ተጋደምኩ። ከኋላዬ የነበረችው የያቭነዋ ልጅ እኔ ላይ ወጣች፤ ከእሷ ኋላ የነበረችው የገዴራዋ አስተማሪ እሷ ላይ ወጣች። ብስክሌትና ሴት ተደባልቀን መንገዱ ዳር ስንንፈራገጥ አሰልጣኙ ቫኑን አቁሞ እየሮጠ መጣ።

«ምን ሆንሽ? ኩሚ አልኩሽ እኮ!» አለኝ በዕብራይስጥ።

«ቆምኩ እኮ!» አልኩት በአማርኛ፣ ከታች ሆኜ።

ነገሩ መጀመሪያ የገባት የያቭነዋ ልጅ ነበረች። እዚሁ አገር የተወለደች የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ስትናገር ግን ሦስት ቃል ላይ ዕብራይስጡ ይቀድማታል። ከክምሩ መሃል ሆና ትስቅ ጀመር፤ ሳቋም እኔን እንደገና ይነቀንቀኝ ነበር። በዕብራይስጥ ኩሚ ማለት ተነሺ ማለት ነው። ብስክሌተኛ ዳገት ሲከብደው ከኮርቻው ተነስቶ በሙሉ ክብደቱ ፔዳሉን ይረግጣል፤ አሰልጣኙ የፈለገው ያንን ነበር። ለእኔ ግን ቁሚ ያው ቁሚ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው ይላሉ፤ እንደ ብዙ ዘመዳሞች አንደኛው የሚለውን ሌላው ገልብጦ ይሰማዋል። ኩም ማለት ደግሞ በአማርኛ ሌላ ነገር ነው፤ ያን ጠዋት እሱንም በደንብ አልኩት።

ዕብራይስጥ አታውቅም እንዴ እንዳትሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ የኖርኩበት ነው። ቤኤር ቱቪያ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከሹፌሮች ጋር የምጨቃጨቀው በዕብራይስጥ ነው፤ ለዚያውም አሸንፋቸዋለሁ። ነገር ግን ትንፋሼ ሲያልቅ ዕብራይስጤም አብሮ ያልቃል። ዳገት ላይ የሚቀረኝ የእናቴ ቋንቋ ብቻ ነው። እናቴ ደግሞ ወደዚህ አገር እንደመጣን ከመኪናው ብዛት የተነሳ መንገድ ዳር በደረስን ቁጥር ክንዴን አንቃ ይዛ «ቁሚ!» ትለኝ ነበር። መብራቱ ቀይ ቢሆን «ቁሚ!»፣ አረንጓዴ ቢሆንም «ቁሚ፣ እስቲ መጀመሪያ ሌላ ሰው ይለፍ!» ቃሉ ጆሮዬን ሳይነካ በቀጥታ እግሬ ውስጥ የሚገባው ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ክረምቱ ለክለቡ ሰርከስ ሆነ። ዝናብ ሲጥል የምንለማመደው ሰፈራችን ባለው ሚክላት ነበር፤ የቦምብ መጠለያ ነው፣ አደጋ በሌለ ቀን የእኛ ነው። ብስክሌቶቻችንን የኋላ ጎማቸውን አንስቶ የሚይዝ ብረት ላይ አስረን፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ የትም ሳንሄድ ላባችን እስኪንጠባጠብ እንነዳለን። አሰልጣኙ መሃል ላይ ቆሞ «ኩሙ!» ይላል። ሁሉም ብድግ! እኔ ቀጥ! «ተቀመጡ» ሲል ሁሉም ይቀመጣል፤ እኔ መንዳት እጀምራለሁ። የያቭነዋ ልጅ እኔን ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትነዳ ነበር፤ ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል።

«ማ ካራ? ምን አለበት፣ ሌላ ቃል በላት እንጂ» አለችው አንድ ቀን ለአሰልጣኙ።

አሰልጣኙ ደግ ሰው ነው፤ ሞከረ። «ለማላ» ልበልሽ አለኝ፤ ወደ ላይ ማለት ነው። እሱ ደግሞ ለእኔ «ለመሐላ» እያለ ይሰማኝ ጀመር፤ ዳገት መሃል ምን ብዬ እንደምምል ግራ ገባኝ። ሰውዬውም ቢሆን ዕድሜውን ሙሉ ያለውን ቃል ምን ብሎ ይተው፤ ስሜት ሲይዘው «ለማ...» ይልና «ኩሚ!» ብሎ ይጨርሰዋል። በመጨረሻ «ቤሰደር፣ እሺ፣ ጆሮሽን ቤትሽ ትተሽ ነይ» አለኝ።

ሳቁ ሳቅ ነው። እኔ ግን ሳልስቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነበረኝ። በክረምቱ ማብቂያ ፈተና አለ፤ ከያቭነ ተነስተን ገዴራ ዳገት ጫፍ ድረስ እንነዳለን፤ ለዓመቱ የመጀመሪያ ውድድር የክለቡን መለያ የሚለብሱት ሴቶች በዚያ ይመረጣሉ። አምስት ነን፤ የሚፈለጉት አራት። የያቭነዋን ልጅ ጨምሮ ሦስቱ እንደሚገቡ ማንም አይጠራጠርም። አራተኛዋ ወይ እኔ ነኝ ወይ የገዴራዋ አስተማሪ። ያቺን ቦታ እንዴት እንደፈለግኋት! በሕይወቴ ማንም ለምንም ነገር መርጦኝ አያውቅም። ሥራ አገኘሁ እንጂ አልተመረጥኩም፤ ሠርግ ላይ ተጠራሁ እንጂ ሚዜ አልሆንኩም። አንድ ጊዜ ብቻ «አንቺ ነይ» እንዲሉኝ ፈለግሁ።

እናቴ ስለዚህ ሁሉ የምታውቀው ግማሹን ነው። ቤት ውስጥ የታሰረውን ብስክሌት ስነዳ በጣም ትወደኛለች። በሩ ላይ ቆማ ታየኝና «ይህን ሁሉ ለፍተሽ እዚሁ ነሽ?» ትለኛለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ምስጋና አለ። የትም የማይሄድ ብስክሌት ማንም አይገጨውም። መንገድ ላይ መንዳቴን ግን ሰምታ እንዳልሰማች ሆናለች። «አንድ ነገር ብቻ ለምኜሻለሁ፣ ሆዴ» አለችኝ፤ «እኔ ባለሁበት መንገድ አትለፊ። አንቺን ከመኪና መሃል ካየሁ ልቤ ይቆማል።» እሺ አልኳት። በምን አውቄ የት እንደምትሆን?

የፈተናው አርብ ነፋስ ነበር። ከያቭነ ስንወጣ ሦስቱ ጎበዞች ወዲያው ጥለውን ሄዱ፤ እኔና አስተማሪዋ ግን አንዴ እሷ ስትቀድም አንዴ እኔ እየቀደምኩ ሜዳውን ጨረስነው። ጎበዝ ሴት ናት፤ እስትንፋሷ እንኳ ሥርዓት አለው። የእኔ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ጎን ለጎን ነበርን። ከኋላችን አሰልጣኙ ቫኑን ጎማዬን ሊነካ እስኪቃረብ አስጠግቶ «ያላ! ያላ!» ይላል። እግሬ ሊከዳኝ ነው፤ ኩሚ የሚልበትም ቦታ ደረሰ። አይበልብኝ ብዬ ጸለይኩ።

መታጠፊያው ላይ እናቴን አየኋት።

እህቷ ገዴራ ናት፤ ለሰንበት ይዛላት የመጣችውን ሁለት ፌስታል አንጠልጥላ ዳገቱን እያዘገመች ነበር። እሷም አየችኝ። ያየችው ግን ፈተና አይደለም፤ ልጇ ትሸሻለች፣ አንድ ነጭ ቫን ሊጨፈልቃት ያባርራታል። ፌስታሎቹን ጣለችና ሁለት እጇን አንስታ «ቁሚ! ልጄን! ኧረ ቁሚ!» ብላ ጮኸች። በዚያው ቅጽበት አሰልጣኙ ከኋላ «ኩሚ! ኩሚ!» አለ።

አንዱን በቀኝ ጆሮዬ፣ አንዱን በግራ ጆሮዬ ሰማሁ። ያን ጊዜ ነው የለየሁት። ክረምቱን ሙሉ አንድ ቃል መስሎኝ ነበር፤ ጎን ለጎን ሲመጡ ግን የእናቴ «ቁ» ከጉሮሮ ፈንድታ ትወጣለች፣ የእሱ «ኩ» ግን ለስላሳ ናት። ምን እንደሚሉኝ ሁለቱም ግልጽ አሉኝ። እሷ እንድቆም ትለምነኛለች፤ እሱ እንድነሳ ያዘኛል። እኔም ብድግ አልኩ። ከኮርቻው ተነስቼ፣ በሙሉ ክብደቴ ረግጬ፣ እናቴን ዓይኗን እያየኋት አለፍኳት። ደስታና ሐፍረት አንድ ላይ ሲመጡ ሰው እንደሚስቅ ያን ቀን አወቅሁ፤ አፌን ከፍቼ እየሳቅሁ ወጣሁ። ካለፍኳት በኋላም «ቁሚ! ቁሚ!» ስትል ከኋላዬ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ደግሞ የአስተማሪዋ ጎማ ሲጠጋኝ ሰማሁ፤ ወዲያው ክርኗ በክርኔ ጎን ታየ፤ ጫፉ ላይ ስንደርስ ግማሽ ጎማ ቀደምኳት።

ሳሩ ላይ ተዘርግቼ ሰማይ ሳይ አሰልጣኙ መጣና በላዬ ሆኖ «ዬሽ ላኽ ማኮም!» አለኝ። ቦታ አለሽ ማለቱ ነው። እናቴ ፌስታሏን ለቅማ፣ እያለከለከች ደርሳ ኖሮ «ተመስገን! ልታቆም ነው?» አለች።

የያቭነዋ ልጅ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ መሳቅ እንኳ አቅቷት ሳሩን በእጇ ትመታው ነበር።

«ኧረ እማዬ፣ ማኮም ቦታ ነው። ከቡድኑ ገባሽ ነው የሚለኝ።»

«ማኮም ቦታ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም» አለች እናቴ፣ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ተስፋ አድርጌ ነው።»

አሰልጣኙ ከዚህ አንዱም አልገባውም። እሱ የሚያውቀው መታጠፊያው ላይ ቆማ ከእሱ በላይ «ኩሚ» የምትል እናት እንዳለች ነው። እጇን በሁለት እጁ ይዞ ሳማት። «እንዲህ ያለች እናት አይቼ አላውቅም! ብስክሌት የሚገባት እናት!» አላት። እናቴ ምን አለ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ምን ልበላት? እንዳለ ነገርኳት። ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ሁሉም ይስቁላታል። ነጠላዋን አስተካከለችና አዎ ለማለት በዕብራይስጥ «ኬን፣ ኩሚ አልኳት» አለች፣ በኩራት።

አስተማሪዋ ሳትቀር መጣች። ቦታውን ማጣቷ ነው፤ ዓይኗ ቀልቷል። እናቴን ግን አቀፈቻት። «ለእኔም ጮኹልኝ እኮ» አለችኝ በዕብራይስጥ። «አንቺ ካለፍሽ በኋላ ወደ እኔ ዞረው ኩሚ አሉኝ። አልቆልኝ ነበር፤ ያን ስሰማ ተነሳሁ። ትንሽ መንገድ ቢቀር ኖሮ እይዝሽ ነበር።» እናቴ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት።

ከዚያ ወደ አክስቴ ቤት ወጣን። ብስክሌቱን እየገፋሁ፣ ፌስታሎቹን መሪው ላይ ሰቅዬላት። የሚመጣብኝን ቁጣ እየጠበቅሁ ነበር።

«ቁሚ ስልሽ ሰምተሻል?» አለችኝ።

«ሰምቻለሁ፣ እማዬ።»

«ሰምተሽ ነው ያልቆምሽው?»

«ሰምቼ ነው።»

ነጠላዋን ጠበቅ አድርጋ ወደ ፊት ሄደች። እኔም መሪውን እያየሁ አብሬያት ሄድኩ። በሕይወቴ መንገድ ላይ እንቢ ያልኳት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ደስታዬ ትንሽ ቀዘቀዘ።

«ካለፍኩሽ በኋላስ ለምን ትጮኺያለሽ?» አልኳት። «ላልመለስ ነገር።»

«የኋለኛው ላንቺ አልነበረም።»

«ለአስተማሪዋ ነው እንዴ? እሷን እኮ ቫን አላባረራትም።»

እናቴ ቆመች። የሚከተለን ሰው እንደሌለ ዞር ብላ አየችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ላንቺስ ፈርቼልሽ ነው» አለችኝ። «እሷን ግን ቁሚ ያልኳት እንዳትደርስብሽ ብዬ ነው።»