ሙና ካሜራውን የከፈተች ዕለት

ሙና ዱባይ ሥራ በጀመረችበት ጠዋት የሕንፃው ዘበኛ ወደ ኋለኛው ሊፍት መራት። "የቤት ሠራተኞች በዚያ ነው የሚወጡት" አላት በትሕትና። ክፋት አልነበረበትም። ሙና ከተወለደችባት ከከሚሴና ከአካባቢዋ ወደ ዐረብ አገር የምትሻገር ሴት አብዛኛውን ጊዜ የሰው ቤት ልትሠራ ነው፤ እሱም የለመደውን ተናገረ። የሙና ታላቅ እህት ሰሊማ ራሷ ጂዳ የሰው ቤት ሠርታ ነው ታናሿን በኮምፒውተር ሳይንስ ያስመረቀቻት። ስለዚህ ሙና አላፈረችም። አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን መታወቂያ አሳየችውና በፊተኛው ሊፍት ወጣች።

ቢሮ ውስጥ የገጠማት ግን እንዲህ ፊት ለፊት የሚታይ አልነበረም። ድርጅቱ ለሆስፒታሎች ሶፍትዌር ይሠራል፤ መድኃኒት ጊዜው ሳያልፍ ለየትኛው ቅርንጫፍ ቢላክ እንደሚሻል የሚያሰላውን ክፍል የጻፈችው ሙና ነበረች። ስብሰባ ላይ ሐሳብ ስታቀርብ ሁሉም ዝም ይላል። ያንኑ ሐሳብ ራያን የሚባለው ባልደረባዋ ትንሽ ቆይቶ ሲደግመው "ግሩም ነው" ይባላል። ሻይ ሲያምራቸው ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ይዞራል። ደንበኞች ፊት ቀርባ ሥራዋን ማስረዳት እንደምትፈልግ ለአለቃዋ ለኮሊን ስትነግረው፣ "ሥራሽማ ድንቅ ነው። ደንበኞቻችን ግን የለመዱት አነጋገር አለ" ብሎ ፈገግ አለ። ኮሊን ደግ ሰው ነው፤ የታመመ ይጠይቃል። ነገሩን በደል ነው ብላ ለመናገር ያስቸገራትም ይኸው ነው።

"ምናልባት ነገሩን ያጋነንኩት እኔ እሆናለሁ" አለቻት ከጂዳ ወደ ከሚሴ ለተመለሰችው ለሰሊማ በስልክ።

"የእኔ እመቤት ስትቆጣ ሳህን ትሰብር ነበር፤ ይገባኝ ነበር" አለቻት ሰሊማ። "የአንቺዎቹ ግን እየሳቁ ነው።"

በ2007 ዓ.ም. ሙና ለዐረፋ ከሚሴ መጣች። ከሰንበቴ ከተማ ገበያ የተገዛው ሰንጋ ታርዶ፣ ዘመድ ጎረቤቱ "ማሻአላህ" እያለ አይቷት፣ ወደ ዱባይ ልትመለስ ጥቂት ቀን ሲቀራት ኮሊን ደወለ።

"አንድ ሆስፒታል ሶፍትዌሩን ዛሬ ከሰዓት አሳዩኝ አለ" አላት። "ራያን ያቀርባል። ጥያቄ ሲመጣ አንቺ መልሱን በጽሑፍ አቀብዪው። ካሜራሽን መክፈት አያስፈልግም።"

"እሺ" አለች። ደሟ የፈላው እሺ ካለች በኋላ ነው።

ያኔ ከሚሴ ውስጥ ደህና ኢንተርኔት የሚገኘው በደሴ መንገድ ዳር ካለው ከአብዶ የኢንተርኔት ቤት ነበር። አብዶ ጉዳዩን ሲሰማ ፌስቡክ ላይ ያፈጠጡትን ደንበኞቹን ሁሉ ለምኖ አስነሣ። "ዛሬ መስመሩ የሙና ነው" አላቸው። አንዳቸውም ወደ ቤታቸው አልሄዱም፤ በሩ ላይ ተደርድረው ቆሙ። ሰሊማ ከእህቷ ጎን፣ ካሜራው ከማይደርስበት ተቀመጠች።

ራያን ጀመረ፤ አንደበቱ የተባ ነው። ከሆስፒታሉ በኩል የቀረቡት ዶክተር ሐናን የሚባሉ ሴት ጥያቄ አከታተሉ። ሙና ትጽፋለች፤ ራያን ያነባል። ቀጥሎ ዶክተሯ፣ "ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ ኢንሱሊን ሁለት ቅርንጫፎች ቢፈልጉት፣ ለማን ይሰጣል?" አሉ። ሙና ጽፋ ሳትጨርስ ራያን መጠበቅ አቃተውና "መጀመሪያ ለጠየቀው" ብሎ መለሰ። ስሕተት ነበር። ዶክተር ሐናን መነጽራቸውን አወለቁ።

ሙና ወደ ሰሊማ ዞረች። ሰሊማ እንግሊዝኛው ባይገባትም የእህቷን ፊት ማንበብ ታውቃለች።

"ጀባዹ፣ በርቺ" አለቻት። "ቢስሚላህ በይና ተናገሪ።"

ሙና ካሜራውን ከፈተች።

"ይቅርታ፣ ዶክተር። ሙና እባላለሁ፤ ይህን ክፍል የጻፍኩት እኔ ነኝ። መድኃኒቱ የሚሰጠው መጀመሪያ ለጠየቀው ሳይሆን፣ ጊዜው ሳያልፍ ሊጨርሰው ለሚችለው ነው። ምክንያቱን ላሳይዎት።"

ማሳየት እንደጀመረች መብራት ድርግም አለ። ላፕቶፗ በባትሪ ቢቆይም መስመሩ ተቋረጠ። አብዶ በጓሮ በር ተፈትልኮ ወጣ። የጄኔሬተሩን ገመድ ሳበ፤ አንገራገረ። ደግሞ ሳበ፤ ተንደቀደቀና ያዘ። በር ላይ የቆሙት ሁሉ ስክሪኑን አፍጥጠው ያያሉ። ምስሉ ሲመለስ ዶክተር ሐናን ከቦታቸው አልተነሡም ነበር።

"አመለጥሽኝ ብዬ ነበር" አሉ። "በይ ቀጥዪ።"

ከዚያ በኋላ ያለውን ጥያቄ ሁሉ በቀጥታ ለእሷ አቀረቡ። ቃሉ ራሱ ይፈስላት ጀመር። አነጋገርሽ አልገባኝም፣ ድገሚልኝ ያላት አንድም ሰው አልነበረም። ስብሰባው ሲያበቃ አብዶ ቤት በጭብጨባ ተናጋ፤ የተባለው የገባው ሰው ግን ከሙና በቀር አልነበረም።

ወዲያው ኮሊን ደወለ። "እንዲህ ጥሩ ትናገሪያለሽ ብዬ አልገመትኩም" አላት።

"ለምን አልገመትክም?" አለችው፤ በቁጣ ሳይሆን እውነቱን ለማወቅ ፈልጋ።

ኮሊን "አላውቅም" አላት። ማለስለሻ ሳይቀባ የነገራት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

ሆስፒታሉ ውሉን ሲፈርም ሙና በየስብሰባው እንድትገኝለት ጠየቀ። ራያንም "ይህ የሙና ሐሳብ ነው" ማለት ለመደ፤ አንዳንዴ ይረሳል፣ እሷ ግን አትረሳለትም። ከዚያ በሁለተኛው ዓመት የሥራ ክፍሉን እንድትመራ ተሾመች። ዜናውን ለሰሊማ ስትነግራት፣ ሰሊማ ባቲ ገበያ መሀል ጨርቅ ዘርግታ ትሸጥ ነበር። "ጫጫታ ነው፤ አልሰማሁሽም" እያለች ደጋግማ አስነገረቻት። ገና በመጀመሪያው ጥርት አድርጋ ሰምታት እንደነበር ያመነችው ኋላ ነው።