እናቴ ስትቆጣ

ልጄ ላፕቶፔ ላይ ሻይ ደፍቶብኝ የኮንዶሚኒየሙ ኮሪደር ላይ ወጥቼ ቆሜያለሁ። ከታች አንዷ ጎረቤት በርበሬ ታምሳለች። ሽታው ጉሮሮዬን ያዝ አደረገኝና ጌጃ ሰፈር፣ እናቴ ቤት መለሰኝ።

ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ለአሻንጉሊቴ ቀሚስ ልሰፋ ብዬ የእናቴን የክት ነጠላ በመቀስ ቆርጬው ነበር። አንስታ ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ፤ እጇም ተነሳ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው እናቴ የለችም፤ ደጅ ወጥታ ካፊያው ላይ ቆማለች።

«ምነው ልጄ?» አሏት ጎረቤታችን እማማ ዘውዴ። «አጥፊዋ ቤት ተቀምጣ አንቺ ትወጫለሽ? በርበሬ እጠኛት! ሁለተኛ አይለምዳትም።»

«እማማ፣ እኔን አክስቴ በሩን ከውጭ ቆልፋ በርበሬ እያጠነች ነው ያሳደገችኝ» አለች እናቴ መዳፏን እያየች። «ይሄን እጅ ከእሷ በቀር ያስተማረው የለም። እስኪበርድለት እዚሁ ልቁም።»

በሰፈራችን ልጅ ሲያጠፋ ልጅ ይባረራል፤ እኛ ቤት እናት ትወጣለች። ስንቴ ጉንፋን ይዟት ገባች! እኔን ግን አንድም ቀን መትታኝ አታውቅም። ማንም ያላሳያትን ነገር ከየት እንዳመጣችው ዛሬም ይገርመኛል።

እኔስ? በርበሬ ታጥኜ አላውቅም። ታዲያ ቅድም እጄ ለምን ተነሳ?

በሩ ገርበብ አለ። ልጄ አንገቱን ብቅ አድርጎ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«እማዬ፣ ማነው ያስወጣሽ?»